ጠይሟ ልጅ ስታፍር ፊቷ ምን ይሆናል?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቲማቲም ነው።

ረጅም ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጠይም ናት፤ እንዲያውም ጠቆር ያለች። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ በሰው ፊት ትዋረዳለች። እኔም ብዙ ሳላስብበት «ፊቷ ቲማቲም መሰለ» ብዬ አለፍኩ። ረቂቄን ሁልጊዜ የምታነብልኝ ጓደኛዬ ሐረጓን በእርሳስ ከበበችና ጠርዙ ላይ የት አየሽው ብላ ጻፈችበት። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሄጄ መስታወት ፊት ቆምኩ። እኔ ራሴ ጠይም ነኝ። አፍሬም አውቃለሁ፤ ያውም ብዙ ጊዜ። ቲማቲም ሆኜ ግን አላውቅም።

ስለዚህ የምንጽፍ ሰዎች የምንሰባሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር ከፈትኩ። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ሲያፍር፣ ሲናደድ፣ ሲደነግጥ፣ ቀላ፣ ነጣ፣ ገረጣ ሳንል እንዴት እናሳየው ብዬ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይም ከራሴ አንድ አስተያየት ጣል አደረግኩ። እነዚህ ቃላት ከትርጉም መጻሕፍት የለቀምናቸው እንጂ ከራሳችን ፊት የበቀሉ አይመስሉኝም አልኩ። ጠብ ያመጣችብኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

22 መልስ መጣ። በየቁጥራቸው ልንገራችሁ። አንዳንዱን ዘልዬ ነው የማልፈው፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስ ይገባችኋል።

መልስ 1፦ የመጣው 10 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ጨዋ መልስ ነው። ቀለሙን ተዪውና አካሏን ጻፊ የሚል ነው። ያፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ዓይኑን ይሰብራል፤ እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ይህ ደግሞ ቆዳ አይመርጥም ይላል ሰውየው። ላይክ የጎረፈው ለዚህ መልስ ነው። እኔም አመሰገንኩት። ልክ ነው እኮ። ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሁላችንም ይህን ምክር ከተከተልን ገጸ ባሕርያችን ሁሉ ከንፈሩን እየነከሰና አንገቱን እየደፋ ሊኖር ነው። ፊት የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ከታሪኩ ሊወጣ ነው።

መልስ 2፦ ባለ 1ን ደግፎ የመጣ ነው። ይዞት የመጣው ግን ጆንያ ሙሉ ነው። አማርኛ ስሜትን ከፊት ይልቅ ከሆድ ዕቃ ጋር ነው የሚያያይዘው ባይ ነው። ሆዱ ባባ፣ አንጀቱ ተላወሰ፣ ልቡ ራደ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ሳግ ተናነቀው፣ ቀልቡ ተገፈፈ እያለ 40 ያህል አወረደው። ከምር ይጠቅማል፤ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። አንድ ገጽ ላይ ከሁለት በላይ የተጠቀመ ሰው ግን ታሪኩ ሥጋ ቤት ይመስልበታል።

መልስ 3፦ እስከዚህ ድረስ ሁሉም እየተስማማ ነበር። እኚህ ሰው መጡና የጥያቄዬን መነሻ ራሱን ናዱት። ሕክምና ሳያስተምሩ አልቀሩም፤ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ልጄ እያሉ በትሕትና ነው የጀመሩት። ጠቆር ያለ ሰው ሲያፍር ፊቱ አይቀላም ማለት ስሕተት ነው አሉ። ስናፍር የፊት ደም ሥሮች ይሰፋሉ። ደም ወደ ቆዳው ይሞላል። ጉንጭ፣ ጆሮና አንገት ይግላሉ። ይህ ማንም ሰው ላይ የሚሆን ነገር ነው። ልዩነቱ ያለው ከላይ ነው። ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን የተበተነው በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ደም ሥሮቹ ደግሞ ከሱ ሥር። መጋረጃው ወፍራም ስለሆነ ቤት ውስጥ መብራት የለም ማለት አይደለም። ይህችን ምሳሌ የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ የኔ አስመስዬ ልሰርቃት ነበር።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ገቡ። ቶማስ በርጀስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ፊት መቅላት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዳርዊንም በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ በጻፈው መጽሐፉ የበርጀስን ምልከታ ጠቅሷል። በርጀስ ያየው ፊቷ ላይ ጠባሳ ያለባትን አንዲት ጥቁር ሴት ነው። ጠባሳው ሜላኒኑን አጥቷል። ድንገት ሲናገሯት ወይም በሆነች ትንሽ ነገር ጥፋተኛ ሲያደርጓት ጠባሳዋ ሁልጊዜ ቀይ ይሆናል። የተቀረው ፊቷም ያንኑ ያህል እየጋለ ነው። የሚታየው ግን በዚያች በጠባሳዋ በኩል ብቻ ነው።

እሳቸው ይህን የጻፉት ለማስተማሪያ ነው። እኔ ግን ሴትዮዋ ላይ ቆምኩ። ሐኪሙ በተደጋጋሚ የማየት ዕድል አግኝቷል ይባላል። ስንት ጊዜ ቢከሷት ነው? ማንስ ነው የሚከሳት? ጠባሳዋ እስከ ክሩ መጨረሻ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

መልስ 4፦ ነርስ ናት። የባለ 3ን መልስ ደግፋ ከቀላው ይልቅ ስለነጣው ጻፈች። ደሙ የሸሸ ጠቆር ያለ ሰው እንደ አንሶላ አይነጣም። ወዙ ይጠፋል። ቡናማ ቆዳ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፤ ጠቆር ያለው ወደ ግራጫነት፣ አመድ ወደመምሰል። እነሱ ሥራ ላይ ሲጠራጠሩ የሚያዩት የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን፣ ድዱን፣ መዳፉንና የጥፍሩን ሥር ነው። እዚያ ቦታ ቀለሙ ስስ ነው። ከዚያ ራሷ ሳቀች። ልብወለድ ውስጥ የደነገጠን ሰው የዓይን ሽፋን ገልብጦ የሚያይ ፍቅረኛ አያስፈልገንም አለች። መዳፍ ግን ይቻላል፤ ድዱም አፉን ከፍቶ ለቀረ ሰው ይሆናል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ አልኩ። «አመድ መሰለ» የምንለው አባባል ለካ ዝም ብሎ ምሳሌ አይደለም። ጠቆር ያለ ሰው ሲደነግጥ በትክክል ያየ ሰው የፈጠረው ነው።

መልስ 5፦ አጭር ጥያቄ ናት። የትኛው ጥቁር? ጠይም አንድ ዓይነት አይደለም ባይ ናት። የቀይ ዳማዋ ስታፍር ጉንጯ ላይ የሆነ ነገር ብቅ ይላል። ጠይሟ ላይ ከቀይ ይልቅ ጠለቅ ያለ፣ የወይን ጠጅ የሚመስል ነገር ይመጣል። በጣም የጠቆረችው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ፊትዝፓትሪክ የሚባለው የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው መለኪያ ዛሬ 6 ደረጃ ነው ያለው፤ እሱም የተሠራው ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ ለመለየት እንጂ የሰውን መልክ ለመግለጽ አይደለም። በ2022 ይፋ የሆነው የመንክ የቆዳ ቀለም መለኪያ ደግሞ 10 አለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምክሯ ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ልጅቷን እያት፤ ከዚያ ጻፊ። ማፈሬን መደበቅ አልችልም፤ ልጅቷን አላየኋትም ነበር። «ጠይም» ብዬ ጽፌ ፊቷን ባዶ ትቼዋለሁ።

መልስ 6፦ አሁን ጠቡ መጣ። ይህ ሰው በመድረኩ ላይ የታወቀ ነው፤ በየክሩ አንድ ጊዜ ካልተጣላ እንቅልፍ አይወስደውም። ችግሩ ከውጭ የመጣ ነው ይላል። እዚያ አንባቢው ብዙ ዓይነት ቆዳ ስላለው ይጨቃጨቃሉ። እኛ እርስ በርሳችን ስንጻጻፍ ማን ግራ ይጋባል? «ደሙ ፈላ» ስንል ደም 100 ዲግሪ ገባ ብሎ የሚያስብ የለም። «ፊቱ ቀላ»ም እንደዚያው የሞተ ምሳሌ ነው። አንባቢ አፈረ ብሎ ያነብና ያልፋል። ጓደኛሽ እርሳሷን ታስቀምጥ አለ። ሥራ የፈታ ክር ነው ብሎም ጨመረበት።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከስድስቱ ውስጥ ለመመለስ የከበደኝ ይህ ነው። ስንቱን መጽሐፍ «ፊቱ ቀላ» እያለ አንብቤ አልፌአለሁ። አንዱም ጋ ቆሜ አላውቅም።

መልስ 7፦ እኔ ያልቻልኩትን መለሰችልኝ። የሞተ ምሳሌና ሥዕል ይለያያሉ አለች። «ደሙ ፈላ» ማንም የማያየው ነገር ስለሆነ ማንም አይከራከርም። «ቲማቲም መሰለ» ግን እይ ብሎ ይጋብዛል። ጋብዞ ደግሞ የሚታይ ነገር የለውም።

ቀጥላ ያነሳችው ነው ክሩን ለኔ ክር ያደረገው። በአማርኛ ቀይ ሰው ማለት ደም የመሰለ ሰው ማለት አይደለም። ቆዳው ፈካ ያለ ማለት ነው። ቀላሽ እኮ ብለው ሲነግሩን የምንደሰተው ለዚህ ነው። እና «ጠይሟ ልጅ ፊቷ ቀላ» ብለን ስንጽፍ አንባቢ ቅባት ለወጠች እንዴ ሊል ይችላል። «ጠቆረ»ስ? ፊቱ ጠቆረ ስንል ከፋው፣ ተቀየመ፣ ኮስተር አለ ማለታችን ነው። ታዲያ ጥቁሩ ሰውዬ ፊቱ ሲጠቁር ምን ተለወጠ? የሚለወጠው ቀለሙ አይደለም ትላለች። ብርሃኑ ነው። አማርኛ ውስጥ ፊት ሰማይ ነው። ይበራል፤ ይፈካል፤ ይዳምናል፤ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ይዘንባል። ጥቁር ሰው ፊቱ ሲበራ አይተን እናውቃለን፤ ያው ጥቁር እንደሆነ ነው የበራው። ስለዚህ የቀለም ቃል ያጠረን መስሎን እንጂ የብርሃን ቃል ሞልቶናል።

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ሻይ አፈላሁ፤ ደስ ሲለኝ የማደርገው ይህንኑ ነው።

መልስ 8፦ ይህቺን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ሴትዮዋ በጣም ጥቁር ነኝ ብላ ነው የጀመረችው። ልጅ ሆና ክፍላቸው ውስጥ ገንዘብ ጠፋ። አስተማሪው ሁሉንም አስቆመና ፊት ለፊት ማየት ጀመረ። ሌባ ፊቱ ላይ ያስታውቃል የሚል ሰው ነበር። ከጎኗ የቆመችው ቀይ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። አስተማሪው አይዞሽ ብሎ አስቀመጣት። እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዓይነ ደረቅ አላት። ቦርሳዋን በሰው ፊት አስፈተሻት። ምንም አልተገኘም። ይቅርታም የለም።

ያን ጊዜ ጆሮዋ እንደ እሳት እየነደደ ነበር። ምላሷ ተሳስሮ ነበር። የልቧን ምት ጥርሷ ውስጥ ትሰማው ነበር። ማንም አላየም። ስትቀመጥ የወንበር ጓደኛዋ ክንዷ በድንገት አንገቷን ነካትና ትኩሳት አለብሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት። በዚያ ቀን እንደምታፍር ያወቀች ሰው እሷ ናት፤ እሷም በስሕተት፣ በሽታ መስሏት።

መጨረሻ ላይ መልስ 3ን ጠቀሰች። የሴትዮዋን ጠባሳ ስታነብ ቀናችባት። እንደዚያ ዓይነት ጠባሳ ግንባሬ ላይ በኖረኝ ብላ ተመኘች። ከዚያ ደግሞ ወዲያው ተጸጸተች፤ ጠባሳው እኮ ሴትዮዋን አላስጣላትም፤ ዝም ብሎ መታየቷን ነው የጨመረው።

ስሜቱ ያልታየለት ሰው ራሱ ታሪክ ነው አለች በመጨረሻ። ቀለም ፈልገሽ ከማሳየት፣ አለመታየቱን ጻፊው።

ከ9 እስከ 11 ያሉትን ልለፋቸው። 9ኛው ሐዘኔታ ነው። 10ኛው ቀልደኛ ነው፤ በካርታ ጨዋታ ሲዋሽ ፊቱ አይለወጥምና ጥቁረቱ ሀብታም ሊያደርገው ምንም አልቀረውም አለ። ከ8ኛው ቀጥሎ መምጣቱ ትንሽ ጎረበጠኝ። ራሷ ባለ 8 ግን የሳቅ ምልክት አደረገችለት፤ እኔም ዝም አልኩ። 11ኛው የአርትዖት ሥራ ማስታወቂያ ነበር። አወያዩ አነሳው።

መልስ 12፦ ሦስት መስመር ናት። የኔን ረቂቅ ግማሹን ያበላሸችው ግን እሷ ናት። «ፊቴ ቀላ» ብሎ በአንደኛ መደብ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ ፊቱን በምን አየው? መስታወት ይዞ ነው የሚዋረደው? ቆዳው ምንም ዓይነት ይሁን፣ ሰው የራሱን መቅላት አያይም። የሚያውቀው ሙቀቱን ነው፤ ጆሮው ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት ነው፤ ድንገት የከበደውን ምላሱን ነው። እንግዲህ ከውጭ ከታየ ማን ነው ያየው? ምን ያህል ቀርቦ? እናት የምታየውን ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው አያይም።

ልብወለዴ በአንደኛ መደብ ነው የተጻፈው። ቲማቲሙን ያየችው ራሷ ናት ማለት ነው። ለአንድ ዓመት አብሬው ኖሬ አልታየኝም።

መልስ 13፦ ፎቶ አንሺ ነው። ባለ 7 ስለ ብርሃን ያለችውን ይዞ ቀጠለ። ጠቆር ያለ ፊት ስታነሳ ቀለሙን ሳይሆን ነጸብራቁን ነው የምታነሳው ይላል። ብርሃኑ ጉንጭ አጥንት ላይ፣ የአፍንጫ ጫፍ ላይ፣ ከታችኛው ከንፈር ላይ ያርፋል። ሰውየው ሲደነግጥ ላብ ብቅ ይላል፤ ነጸብራቁም ይለወጣል። መንጋጋ ሲነከስ ጥላው ይዞራል። የአንገት ሥር ሲገተር በጠቆረ ቆዳ ላይ ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ መብራቱ ከጎን ከመጣ። ይህ ለጸሐፊ ወርቅ ነው። «ወዝ» የሚል ቃል እያለን ለምን እንደማንሠራበት እንጃ።

ከዚያ ትንሽ ወጣ አለና የፊልሙን ታሪክ አመጣ። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ስሙም የሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። የሷ ቆዳ ካማረ ፎቶው ልክ ነው ማለት ነው። ጥቁር ሰው ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ሲወጣ ለብዙ ዓመት እንደ ችግር አልታየም። ኋላ ላይ የቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ቡናማ ቀለማችን በደንብ አይወጣም ብለው ማማረራቸው ለለውጡ አንድ ምክንያት ነበር። ለሰው ያልተደረገው ለወንበር ተደረገ። ፎቶ አንሺው ይህን ያለ ምንም አስተያየት ነው የጻፈው።

ቸኮሌት ሲነሳ ክሩ ቦዩን ለቀቀ።

መልስ 14 ሰውን በምግብ የሚገልጹ ጸሐፊዎች ሰለቹኝ አለች። ቸኮሌት፣ ካራሜል፣ ማር። ሰው ነው ወይስ ጣፋጭ? 15ኛው ምን ችግር አለው፣ ጥርስሽ ወተት ይመስላል ሲሉሽ አትወጂም ወይ አለ። 16ኛው ሌላ በር ከፈተ፤ ቀይዋ ገጸ ባሕርይ ቆዳዋ ሲደነቅ ጠይሟ ግን ጠይም ናት ተብላ እንደ ማስጠንቀቂያ ለምን ትታለፋለች ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ የሚመልስ ጠፋ። ምክንያቱም 17ኛው የባለ 6 ነው። ይኸውላችሁ እንዳልኩት፣ ጽሑፍ ትታችሁ ቆዳ መቁጠር ጀመራችሁ አለ። አንድ የማልደግመው ቃልም ጨመረ። ቃሉ የተወረወረው ወደ ባለ 8 ነው፤ ታሪኳን ልቅሶ አለው። አወያዩ መልሱን ሰረዘው። አሁን እዚያ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው። 18ኛው ስድብ ለስድብ የመለሰለት ሰው ነው፤ ግማሹ ተሰርዟል።

እኔ የክሩ ባለቤት ነኝና ማብረድ ነበረብኝ። አላበረድኩም። ተኝቼ ነበር።

መልስ 19፦ ነገሩን ለማቀዝቀዝ ይመስለኛል ስለ ኢሞጂ ያመጣችው። የኢሞጂን ደንብ የሚያወጣው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት የቆዳ ቀለም ጨመረ፤ ደረጃዎቹን የወሰደው ባለ 5 ካነሳችው ከፊትዝፓትሪክ መለኪያ ነው። አውራ ጣትሽን ማጥቆር ትችያለሽ። ጉንጯ የቀላው ፊት ግን እንደ ሌሎቹ ክብ ፊቶች ቢጫ እንደሆነ ነው። እጃችን ጥቁር፣ እፍረታችን ቢጫ ብላ አሾፈች። ከርዕስ ውጭ ነው፤ ደስ ብሎኛል።

መልስ 20፦ ተርጓሚ ነኝ ባይ ነው። ከትርጉም የለቀምነው ነው ያልኩት እሱን የሚመለከት ስለመሰለው ራሱን ተከላከለ። ጽሑፉ ላይ ሰውየው እንደ አንሶላ ነጣ የሚል ካለና ሰውየው ነጭ ከሆነ፣ አንሶላውን መተው አይችልም። ጥፋቱ የሱን አንሶላ ወስዶ ለጥቁር ገጸ ባሕርይ የሚያለብሰው ጸሐፊ ነው። አልተሳሳተም፤ ያ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠ። ባለ 4 «አመድ መሰለ»ን ስላነሳች ሰው ሁሉ «አመዱ ቡን አለ»ን ልጠቀም እንዳይል። ሁለተኛው ውስጥ ሹፈት አለበት። ጉረኛ ሲጋለጥ ነው አመዱ ቡን የሚለው። ልጇ መሞቱን የሰማች እናት አመዷ ቡን አለ ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያስቀይማል። ትክክል ነው። አመድ ለአመድ ይለያያል።

መልስ 21፦ ነርሷ ተመለሰች። በዚህኛው ቁጣዋ ያስታውቃል፤ ጨዋነቷ ግን አልተነካም። ባለ 6 ሥራ የፈታ ክር ነው ያለውን ነበር የያዘችው። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ታውቁታላችሁ አለች። እሱም ብርሃን በቆዳ አሳልፎ ነው የሚያነበው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት አለ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ አለ ብሎ ያረጋጋቸው ሕሙማን ደም ተቀድቶ ሲታይ፣ ከጥቁሮቹ የደም ምርመራ 11.7 በመቶው ላይ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ወርዶ ነበር። ከነጮቹ 3.6 በመቶው ላይ። ቆዳን አሳስቶ ማንበብ መጽሐፍ ላይ ሲሆን ቲማቲም ነው፤ አልጋ አጠገብ ሲሆን ሌላ ነው። ባለ 8ን ደግሞ በቀጥታ አነጋገረቻት። ትኩሳት አለብሽ ያለችው የወንበር ጓደኛሽ ጥሩ ነርስ ትሆን ነበር አለቻት። እኛም መጀመሪያ የምንማረው በእጅ ጀርባ መንካት ነው።

ሁለት ቀን ዝም ተባለ። ክሩ ሞተ ብዬ ነበር።

መልስ 22፦ ባለ 6 ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ከሱ አይጠበቅም። ሆስፒታልና ልብወለድ አንድ አይደሉም የምትል አንድ መስመር አስቀደመ። ከሥሯ አንዲት አጭር ትዕይንት ለጠፈ፤ የራሱ ጽሑፍ ናት። አንድ ጥቁር ሽማግሌ በር ላይ ቆመው መርዶ ይነገራቸዋል። ፊታቸው አልተነገረም፤ ቀለም የለም፤ ልብም አንጀትም የለም። በእጃቸው ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዘዋል። መርዶው ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን መሬት ላይ ያስቀምጡታል። አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ ተጠንቅቀው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ከዚያ ለመነሳት አልቻሉም።

ያናድዳል። ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል። ባለ 8 የመጀመሪያዋን ላይክ ሰጠችው። እኔ ሁለተኛዋን፤ ጥርሴን ነክሼ።

መልስ 23 የራሴ ነው። ቲማቲሙን እንዳወጣሁት ጻፍኩላቸው። ትዕይንቱን አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ልጅቷ የምታውቀው ጆሮዋ መጋሉን ብቻ ነው። አዳራሹ ምንም አላየም፤ ምን ዓይነት ደፋር ናት እያለ ያንሾካሹካል። ከኋላዋ የተቀመጠች ታናሽ እህቷ ግን እጇን ዘርግታ ጀርባዋን ትነካታለች። ልብሷ በላብ ርሷል። እህቷ እጇን አታነሳም።

አዲሱን ረቂቅ ለጓደኛዬ ላክሁላት። ትናንት መለሰችው። ይህን ገጽ አልነካችውም። በሌሎቹ ገጾች ላይ ግን «ከንፈሯን ነከሰች» የሚለውን እየከበበች ቁጥር ሰጥታዋለች። የመጨረሻው ክብ ላይ 14 ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ በዚያችው እርሳስ፣ ለመሆኑ ከንፈር ተርፏታል ወይ ብላ ጠይቃለች።